ላፕቶፕ ለማስጫን ሪከቨሪ ዲስክ፣ የሱቅ ኮፒ ወይስ የራስ ፍላሽ?

ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ወይም ዘመድ ከውጭ የላከለት ወዳጅ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፦ «ዊንዶውሱ ተበላሸ፤ በእጄ ያለው ሪከቨሪ ዲስክ (ላፕቶፑን ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ የሚመልሰው ዲቪዲ) ብቻ ነው፤ ምን ይሻለኛል?» በቅርቡ ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የምትማረው የእህቴ ልጅ ጠየቀችኝ። ለሁሉም መልሴ አንድ ነው፦ ዊንዶውስ የሚጭን የራሳችሁን ፍላሽ አዘጋጁ። ይህን ለማወቅ የከፈልኩትን ገንዘብ ቆጥሬ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ ሱቅ ነበር። ፎርማት ለማድረግ 400 ብር ከፈልኩ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተጠናቀቀ ተባልኩ። በሦስተኛው ሳምንት «ዊንዶውስዎ አልነቃም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ሌላ 400 ብር ከፍዬ እንደገና አስጫንኩ፤ ያው ሆነ። ምክንያቱ በኋላ ነው የገባኝ። ዊንዶውስ 8 ከወጣ ወዲህ በተሠሩ አብዛኞቹ ላፕቶፖች የዊንዶውሱ ቁልፍ፣ ማለትም የፈቃዱ ቁጥር፣ ማዘርቦርዱ ውስጥ ተቀምጦ ይመጣል። የእኔ ቁልፍ «ሆም» ለሚባለው ዓይነት ነው፤ የሱቁ ኮፒ ግን ለሁሉም ሰው «ፕሮ» ይጭናል። ቁልፉና ዊንዶውሱ ስለማይገጥሙ ባለሙያው ክራክ፣ ማለትም ዊንዶውሱን ያለ ፈቃድ የሚያነቃ ፕሮግራም፣ ያስገባል፤ ክራኩ እንዲገባ ደግሞ አንቲቫይረሱን ያጠፋል። ከዚያ በኋላ የሰካሁት ፍላሽ ሁሉ ፋይሉ ወደ ሾርትከት እየተለወጠ አስቸገረኝ። የገዛሁት ዕቃ ይዞት የመጣውን ፈቃድ ትቼ፣ ለተሰረቀ ቅጂ ሁለት ጊዜ መክፈሌ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። በዚያ ላይ ባለሙያው ሃርድ ዲስኩን ሲከፋፍል ከፋብሪካው የመጣውን የተደበቀ የሪከቨሪ ክፍል ሰርዞታል። ኤች ፒ ላፕቶፕ ሲነሣ ኤፍ 11 ሲጫኑ የሚከፈተው እርሱ ነበር።

ወደ ሪከቨሪ ዲስኮቹ የተመለስኩት ከዚህ በኋላ ነው። ሦስት ዲቪዲ ናቸው። አንደኛውና ሁለተኛው በሰላም አለፉ። ሦስተኛው ሲገባ ማጫወቻው ይንቋቋ ጀመር፤ ቁጥሩ 83 ከመቶ ላይ ቆሞ ቀረ። አውጥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ባዘነብለው ከመሐል እስከ ጠርዝ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጭረት አየሁ። ሃርድ ዲስኩ አስቀድሞ ተጠርጎ ስለነበር ላፕቶፑ ባዶውን ቀረ። ምትክ ብዬ በ750 ብር የገዛሁት ኮፒ ደግሞ የሌላ ሞዴል ሆነና ሥራ አልጀምርም አለ፤ ሪከቨሪ ዲስክ ከተሠራለት ሞዴል ውጭ አይገባም። ሙሉው ዲስክ እንኳ ቢኖር ላፕቶፑን የሚመልሰው ከፋብሪካ በወጣበት ዕለት ወደነበረው አሮጌ ዊንዶውስ ነው። የዓመታት ማሻሻያ በራሳችሁ ዳታ ታወርዳላችሁ፤ ያም ዋጋ ነው። ሲጭንም ፎቶና ሰነድ አይምርም።

እስከዚህ 1,550 ብር ወጥቷል።

ፍላሹም ቢሆን ወጥመድ አለው። መጀመሪያ በ350 ብር «64 ጊጋባይት» የተባለ ገዛሁ። ገልብጬ ስጨርስ ሁሉም የገባ ይመስላል፤ መጫን ስጀምር ግን ፋይሉ ተበላሽቷል ይላል። ላዩ 64 ቢልም እውነተኛ መጠኑ እዚያ አይደርስም ነበር። እንዲህ ያለ ፍላሽ ሲያጋጥማችሁ እስኪሞላ ትልልቅ ቪዲዮ ገልብጡበትና መልሳችሁ ክፈቱት፤ የመጨረሻዎቹ ካልተከፈቱ ለሻጩ መልሱለት። ሁለተኛውን፣ ባለ 16ቱን፣ በ600 ብር ገዛሁ። 8 ጊጋባይትም ይበቃል።

የፍላሹን ማዘጋጃ ፕሮግራም ማይክሮሶፍት ራሱ በነፃ ይሰጣል። የሚወርደው ከ5 ጊጋባይት ስለማያንስ በወንድሜ ቤት ዋይፋይ አወረድኩት። ሲጫን ቁልፍ አልጠየቀኝም፤ ማዘርቦርዱን አንብቦ «ሆም» ጫነ፤ ኢንተርኔት እንዳገኘም ራሱ ነቃ። ዲስኮቹ ግማሽ ቀን የፈጁበትን ሥራ በአርባ ደቂቃ ጨረሰ። የላፕቶፓችሁ ባትሪ የደከመ ከሆነ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ።

ዲስኩ የሚበልጥበት አንድ ቦታ አለ፤ ድራይቨሮቹን፣ ማለትም እንደ ዋይፋይ ያሉትን ክፍሎች የሚያሠሩትን ፕሮግራሞች፣ ሁሉ ይዞ ይመጣል። በፍላሽ ስትጭኑ ዋይፋዩ ላይሠራ ይችላል። ስልካችሁን በገመድ ሰክታችሁ ኢንተርኔቱን ለላፕቶፑ አካፍሉት፤ የቀረውን ዊንዶውስ በአብዛኛው ራሱ ፈልጎ ያወርዳል።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ላፕቶፑ የሚችል ከሆነ 11ን ጫኑ። የማይችል ከሆነ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ኡቡንቱ በነፃ አለ፤ አማርኛም ይጻፍበታል፤ የሚዘጋጀው በዚያው ፍላሽ ነው።

የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ትመጣለች። የመመረቂያ ጽሑፏን አስቀድማ ሌላ ቦታ እንድትገለብጥና ፍላሹን ሳትሞክር እንዳትከፍል ነግሬያታለሁ።