ባዝራዬን ከውጭ አገር ስላመጣልኝ አጓጓዥ

ባዝራዬ ጋጣዋ ከገባች ዛሬ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። በደንብ ትበላለች። ትኩሳት የላትም፣ አታስልም። ስለዚህ ስላመጣልኝ አጓጓዥ አሁን በሙሉ ልብ መጻፍ እችላለሁ። ቀድሜ ብጽፍ ችኮላ ይሆን ነበር፣ የጉዞ ጣጣ ፈረስ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከደረሰ በኋላ ባሉት ቀናት ነውና።

መጀመሪያ ያየኋት በቪዲዮ ነው። ሶምሶማዋ ልብ ይሰርቃል። ግን በቪዲዮ ብቻ ፈረስ አይገዛም። ሻጩ የራሱ ሐኪም የሰጠውን ወረቀት ሊልክልኝ ፈልጎ ነበር፤ አመሰግናለሁ ብዬ ከእሱ ጋር ምንም ንክኪ የሌለው የእንስሳት ሐኪም በራሴ ወጪ ቀጠርኩ። ሐኪሙ እያንዳንዱን እግሯን ለጥቂት ጊዜ አጥፎ ይዞ ወዲያው በሶምሶማ እያስሮጠ አለማነከሷን አየ፣ መገጣጠሚያዎቿን ራጅ አነሳ፣ ልቧንና ሳንባዋን አዳመጠ፣ ደም ቀድቶም አስቀመጠልኝ። ይቺን የደም ናሙና እንዳትንቋት። ፈረሷ በምርመራው ቀን ማስታገሻ ተሰጥቷት ከነበረ፣ በኋላ የምታጋልጠው ይቺው ናሙና ናት። ከቆዳዋ ሥር ያለውን መለያ ማይክሮቺፗንም አንብቦ 15ቱ አኃዞች ፓስፖርቷ (የፈረሷ መታወቂያ ደብተር) ላይ ካሉት ጋር አንድ መሆናቸውን አረጋገጠ።

ወደ ጉዞው ልምጣ። መጀመሪያ የያዝኩት ሌላ ወኪል ነበር። ዋጋው ረከስ ያለ፣ መልሱም ፈጣን። የደም ምርመራው መቼ ይደረግ ስለው አሁኑኑ አለኝ፣ አስደረግኩ። በረራው ሁለቴ ተላለፈና ምርመራው የሚያገለግልበት ጊዜ አለፈ። እንደገና ደም ተቀዳ፣ እንደገና ተከፈለ። ተቀባይ አገሮች ፈረሷ ተላላፊ የደም ማነስን ከመሰሉ በሽታዎች ነጻ መሆኗን ብቻ ሳይሆን ናሙናው ከጉዞው በፊት በስንት ቀን ውስጥ መወሰድ እንዳለበትም ይወስናሉ። ሥራው ይሄ የሆነ ሰው ይሄን ሳያስብ መቅረቱ በጣም አናደደኝ። ተውኩት።

ሁለተኛው ስደውልለት ቅድሚያ የጠየቀኝ ስለ ባዝራዋ ነው። መኪና ላይ ወጥታ ታውቃለች ወይ? ከማታውቀው ፈረስ ጎን ትቆማለች ወይ? አውሮፕላን ላይ ፈረስ የሚጫነው ለእሱ ተብሎ በተሠራ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ቆሞ ነው፤ አንዱ ሳጥን እስከ ሦስት ይይዛል። ሦስት ሲሆኑ ወጪው ይቀላል፣ ቦታው ግን ይጠባል። ሁለት የሚቆሙበትን መከረኝ። ልዩነቱን ከፈልኩ፣ አልቆጨኝም። አብሯት የሚበር ተንከባካቢም ነበር።

ከሁሉ የወደድኩት የመኪናውን መንገድ የያዘበትን ጥንቃቄ ነው። ፈረስ ጭንቅላቱ ከፍ ብሎ ለረጅም ሰዓት ከታሰረ የመተንፈሻ ቱቦው ውስጥ ያለው አክታ መውጫ ያጣል፣ ጀርሙም ወደ ሳንባ ይወርዳል። የጉዞ ትኩሳት የሚሉት የሳንባ በሽታ አንዱ ትልቅ መነሻ ይሄ ነው፣ ይገድላልም። ሹፌሩ በየጥቂት ሰዓቱ እየቆመ ገመዱን አላልቶ ራሷን ዝቅ እንድታደርግ ጊዜ ይሰጣታል፣ ውኃ ያቀርብላታል፣ ሙቀቷን ለክቶ ቁጥሩን ይልክልኛል። አንድም ጊዜ ከ38.5 ዲግሪ አላለፈም። እንድትረጋጋ መርፌ ትወጋ ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሆንም አለኝ፤ በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ቆማ ሚዛኗን መጠበቅ አለባት።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር፣ የኳራንቲኑ የቀን ሒሳብ ከነገረኝ ዋጋ ውጭ መሆኑን ቀድሞ አላስረዳኝም። ሳነሳበት አልተከራከረም፣ ዘርዝሮ በጽሑፍ ላከልኝ። እናንተ ግን ገና ሳትዋዋሉ ጠይቁ። ኢንሹራንሱም ከሻጩ ግቢ ከመውጣቷ በፊት ይጀምር፣ የመጫኛው ሰዓት ራሱ አደጋ አለውና።

ሌላ ፈረስ ባመጣ የምደውለው ለእሱ ነው። ስትደርስ ከመኪናው ቀስ ብላ ወረደች፣ አካባቢውን አሸተተች፣ ከዚያ ራሷን ወደ ድርቆሹ ሰደደች። ኮርቻ ገና አልጫንኩባትም። ሐኪሙ ሳንባዋን ደግሞ እስኪያዳምጥ ትረፍ።