ቼክ ኢንጂን ሲበራ፦ የ1,800 ብሩ ማንበቢያ ከስምንት ወር በኋላ

መስከረም ላይ የገዛሁት ሰማያዊ የመኪና ብልሽት ኮድ ማንበቢያ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም። ኢኤልኤም 327 የሚባለው ብሉቱዝ ያለው ዓይነት ነው። ከመሪው ስር ያለው ባለ 16 ጥርስ ሶኬት ላይ ይሰካል፤ የሚያገኘውን ስልኬ ላይ አያለሁ። መኪናዬ ከአውሮፓ የገባች የ2004 ኮሮላ ናት። የቤንዚን መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ "ሸጬ ሌላ ልግዛ" ማለት ቀልድ ስለሆነ፣ ተቻችለን እንኖራለን።

የገዛሁት በንዴት ነው። ቼክ ኢንጂን የሚባለው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶብኝ ጋራዥ ወሰድኳት፣ "ኦክስጅን ሴንሰር ነው" (ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው) ተባልኩ፣ ተቀየረ፣ መብራቱም ጠፋ። በሳምንቱ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስወጣ ተመልሶ በራ። ራሴ ሳነበው ኮዱ ፒ0171 ነው፤ ለቤንዚኑ አየሩ በዝቷል ማለት ነው። ሴንሰሩ ያየውን ተናገረ እንጂ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም።

ኮዱ ምን ዕቃ እንደምትገዛ አይነግርህም። እኔን የጠቀመኝ ሞተሩ እየሠራ የሚታየው ንባብ ነው። ፊዩል ትሪም የሚባለው ቁጥር ኮምፒውተሩ በመቶኛ ስንት ቤንዚን እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ያሳያል፤ ደህና ሞተር ላይ ከዜሮ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ከ10 ብዙ አያልፍም። የእኔ በሚኒሞ 24 ነበር። ቤንዚን ሰጥቼ 2,500 ዙር ላይ ስይዘው ወደ 6 ወረደ። ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ችግሩ የሚቀል ከሆነ፣ በሆነ ቀዳዳ ሳይለካ የሚገባ ጥቂት አየር አለ። ሲፈጥን ቢብስ ኖሮ የቤንዚን ፓምፑን፣ ፊልትሮውን ወይም የሚገባውን አየር የሚለካውን ኤር ፍሎው ሴንሰር ቆሽሾ እንደሆነ እጠረጥር ነበር። ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጥቁር ጎማ ፈትቼ እጥፋቱን ስዘረጋው፣ ከስር ተሰንጥቋል። ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ግን ደህና የሆነ አገኘሁ። ትሪሙ 3 ሆነ። ያ ምንም ያልነበረው ሴንሰር ግን ተጥሏል፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጥር ላይ ያው ዳገት ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይል ነበር። እንዲህ ሲሆን ዳር ይዞ መቆም ነው፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታሊስቱን (ጭስ ቱቦው ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ) ያነደዋል። ፒ0303 አለ፤ አንዱ ሲሊንደር በአግባቡ አያቃጥልም ማለት ነው፣ የመጨረሻው ቁጥር የትኛው እንደሆነ ይጠቁማል። የ3ኛውን ኮይል (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን) ከ1ኛው ጋር አቀያየርኩት፣ ኮዱም ተከትሎት ፒ0301 ሆነ። አንድ ኮይል ገዛሁ፣ ካንዴላዎቹን አልነካሁም። ጠቅላላ የፈጀብኝ ግማሽ ሰዓት ነው።

አንድ ነገር ግን ሊያሳስተኝ ነበር። የጓደኛዬ መኪና ማፕ ሴንሰር፣ ማለትም የአየር ግፊት የሚለካው፣ ሞተሩ ጠፍቶ 76 ኪሎፓስካል ይላል፣ ኢንተርኔት ላይ ደግሞ 101 መሆን አለበት ይላሉ። ልናስቀይረው ስንል ትዝ አለን፤ 101 የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው፣ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሴንሰሩ እውነቱን ነበር።

ስለ ማንበቢያው ጉድለት፦ ተሰክቶ ከተተወ ባትሪ ይጠጣል። ለአራት ቀን ክፍለ ሀገር ሄጄ ስመለስ አልነሳም ብላ፣ የሰፈር ልጆች ገፍተው አስነሱልኝ። ኤቢኤስና ኤርባግ አያነብም። የጎረቤቴ ቪትዝ ላይ ደግሞ ጭራሽ አልገናኝም አለ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አሮጌ መኪኖች ብዙ ጊዜ በዚህ ዓይነቱ ማንበቢያ አይነበቡም፤ ከመግዛታችሁ በፊት ተውሳችሁ ሞክሩ። መተግበሪያው ላይ "አጥፋ" የምትለዋን ቁልፍም አትቸኩሉባት። ኮዱ ሲጠፋ፣ ችግሩ በተፈጠረባት ቅጽበት የተመዘገበው የሙቀትና የዙር መጠንም አብሮ ይጠፋል። እኔ መጀመሪያ ስክሪኑን ፎቶ አነሳለሁ።

ከሚያዝያ ጀምሮ መብራቱ እንደገና በርቷል፣ አሁን ፒ0420 ነው። "ካታሊስቱ ሞቷል" ያላለኝ የለም፣ ዋጋውንም ሰምቻለሁ። ከካታሊስቱ በኋላ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር ረግቶ መቆየት ሲገባው ይዋዥቃል፣ ስለዚህ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ጎንበስ ብዬ ሳዳምጥ፣ ከሴንሰሩ ፊት ያለው የጭስ ቱቦ መጋጠሚያ ቱፍ ቱፍ ይላል። በዚያ የሚገባ አየርም ይህንኑ ኮድ ያመጣል። ቅዳሜ ይበየዳል።