ፈረሰኛ ለመሥራት የቱን ልግዛ? ሬዚኑን ተዉት

«ያንን የአድዋ ፈረሰኛ ሞዴልህን፣ ያንን ትንሽ ቅርጽ፣ ከምን ሠራኸው?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ ከፕላስቲክ ነው፤ ያውም 1/35 ከሚባለው (ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው)፣ ከጠንካራው።

እዚህ የደረስኩት ግን ከስሬ ነው። አንድ የሬዚን (ፈሳሹ ሻጋታ ውስጥ ፈስሶ የሚጠነክር ነገር ነው) ፈረስ ከነፈረሰኛው 65 ዶላር፣ መላኪያው ሌላ 9። ፎቶው ላይ የጋማው ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሲመጣ ከኦርጅናሉ የተቀዳ ኮፒ ሆኖ አረፈው፤ ሆዱ በአረፋ ቀዳዳ ተበሳስቷል፣ ልጓሙ የቀለጠ ሻማ ይመስላል፣ አንዱ የኋላ እግር ከቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል። ሻጩ አንዴ «ይቅርታ» ብሎ ጠፋ። እግሩን በግማሽ ሚሊሜትር መሰርሰሪያ በስቼ፣ ቀጭን ሽቦ ከትቼ፣ በሱፐር ግሉ አቆምኩት። ሦስት ወር ሳይሞላ ሌላኛው እግር ተከተለ። ኦርጅናሉ ያምራል፣ አልክድም። ግን በ74 ዶላር ሁለት ሳጥን ፕላስቲክ ገዝቼ ለቀለም 18 ዶላር ይተርፈኝ ነበር። ሬዚኑ ሲሞረድ የሚወጣው አቧራ ለሳንባ ጠንቅ ስለሆነ ማስክም ጨምሩበት።

ትንሹ 1/72 ርካሽ ነው፦ 12 ፈረስ ከነፈረሰኞቹ በ14 ዶላር፣ ለአንዱ 1 ዶላር ከ17 ሳንቲም ማለት ነው። ሙሉ ጦር የሚያሰልፍ ሰው እሱን ይግዛ። ለስላሳው ፕላስቲክ ግን በተራ የሞዴል ሙጫ አይያዝም፤ ፈረሰኛው የያዘው ጦር በታጠፈ ቁጥር ቀለሙ ይላጣል። ሰውዬው ራሱ 24 ሚሊሜትር ነው፤ የእሱን ዓይን ስቀባ የእኔው ሊጠፋ ነበር።

1/35ቱን አራት ፈረሰኛ በ28 ዶላር ገዛሁት፣ ለአንዱ 7። ፈረሱ ግራና ቀኝ ለሁለት ተከፍሎ ይመጣል፤ ሙጫው ፕላስቲኩን አቅልጦ ስለሚያገጣጥመው እንደ ሬዚኑ አይከዳም። ዋናው ግን እንደልብ መቆረጡ ነው። የእኛ ሰው ርካብ የሚረግጠው በአውራ ጣቱ ነው፤ የሳጥኑ ፈረሰኛ ቦት ጫማ ተጫምቷል። ቦቱን ሞርጄ ባዶ እግር አደረግሁት፣ ጣቶቹን በቢላ ጫፍ ለየሁ፣ ርካቡን ከመዳብ ሽቦ ጠመዘዝኩ። የ65 ዶላር ዕቃ ላይ ማን ቢላ ያነሳል?

አንድ ጣጣ አለው። የአውሮፓ የጦር ፈረስ 160 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ የእኛው 135 ገደማ፤ በዚህ ልክ ሲሰላ የሳጥኑ ፈረስ ከእኛው በ7 ሚሊሜትር ይበልጣል። ሰኮናውን ጭቃ ውስጥ ቀበርኩት፣ የቀረውን ሣሩ ሸፈነልኝ።

ሬዚኑም አልተጣለም። ዳዮራማው (ሞዴሎቹ የቆሙበት የጦር ሜዳ ትዕይንት) ጥግ ላይ በጎኑ ተጋድሟል፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ጥይት መቶት ነው እላለሁ።