የድሮ ፎር ዊል መሪ ሲከብድ፦ ሀይድሮሊክ ወይስ ኤሌክትሪክ?

ድንጋይ መሀል ቆሞ የኤፍጄ 40 ላንድ ክሩዘር መሪ ያዞረ ሰው ክብደቱን ትከሻው አይረሳውም። የፊት ጎማው ድንጋይ ሲመታ ደግሞ መሪው በድንገት ተመልሶ ይዞራል። አውራ ጣት መሪው ውስጥ ገብቶ ካገኘው ሊሰብረው ይችላል። ልምድ ያላቸው ሰዎች አውራ ጣታቸውን ከመሪው ውጪ አድርገው የሚይዙት ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለ መኪና ላይ ፓወር ስቲሪንግ፣ ማለትም መሪውን የሚያቀል እገዛ፣ ለማስገባት ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ በዘይት ግፊት የሚሠራ፣ በሞተሩ ቺንጋ የሚዞር ፓምፕ ያለው ሀይድሮሊክ ነው። ሌላው መሪው ዘንግ ላይ የሚገጠም የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ብዙ ሰው “የቱ ይበልጥ ያቀላል?” ብሎ ይጀምራል። እኔ የማስቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው። የሚጨመረው ጉልበት በየትኛው ዕቃ አልፎ ነው ጎማው ጋ የሚደርሰው? ያ ዕቃስ ይችለዋል?

ከመግዛታችሁ በፊት

የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሱና መሪውን አዙሩ። ጎማው አየር ላይ ሆኖም መሪው ከከበደ ጥፋተኛው ጎማው አይደለም። ከመሪው እስከ ጎማው ባለው መስመር ላይ የደረቀ ወይም የዛገ ነገር አለ። ኤፍጄ 40 ላይ መሀል ላይ ያለውን ማስተላለፊያ ክንድ እዩ። የድሮው ሲሪዝ ላንድ ሮቨር ላይ ደግሞ የፊተኛው የሻንሲ ማገር ውስጥ የተቀበረ ማስተላለፊያ አለ። ዘይቱን ማንም አያስታውሰውም፤ ቀስ በቀስ ይደርቅና ይነክሳል። እሱን ስትፈቱ ግን ተጠንቀቁ። ውስጡ በኃይል የታመቀ ስፕሪንግ አለ፤ ከተፈተለከ ሰው ይጎዳል።

አየር ላይ ቀሎ መሬት ላይ የሚከብድ ከሆነ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ጎማው ነው። እነዚህ መኪኖች ከፋብሪካ የወጡት በቀጭን ጎማ ነበር። ሰፊ ጎማ ገጥማችሁ፣ አየሩንም ቀንሳችሁ መሪው ቢከብድ አይግረማችሁ። ጎማችሁ ቀጭን ከሆነና መኪናውን በብዛት መንገድ ላይ የምትነዱ ከሆነ ኩሽኔታዎቹን መቀየር፣ ግሪስ መሙላትና የመሪ ሳጥኑን፣ ማለትም የመሪውን ዙር ወደ ጎማው የሚያስተላልፈውን ባለ ጥርስ ሳጥን፣ ማደስ ሊበቃችሁ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ምንም አትግዙ።

ሀይድሮሊክ

እዚህ አሮጌው የመሪ ሳጥን ወጥቶ ሌላ ይገባል። ጉልበቱ የሚፈጠረው አዲሱ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑም የተሠራው ያንን ችሎ እንዲሸከም ነው። ትልቁ ጥቅሙ ይኼ ነው። ኤፍጄ 40 ላይ ሁለት የታወቁ አማራጮች አሉ። አንዱ ከእሱ በኋላ የመጣው የኤፍጄ 60 ሳጥን ነው። ሌላው ጄኔራል ሞተርስ መኪኖችና ጂፖች ላይ የሚገኘው ሳጊናው ነው። ቶዮታ ራሱ በኤፍጄ 40 የመጨረሻ ዓመታት ፓወር ስቲሪንግ ከፋብሪካ መግጠም ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ሀሳቡ ለመኪናው ባዕድ አይደለም። ሳጥኑ ወደ ፊት ሲመጣ ያ መሀል ላይ ያለው ክንድ ይወጣል። አብረውት የሚላሉት መገጣጠሚያዎችም ይቀንሳሉ።

ችግሩ ያለው ሻንሲው ላይ ነው። ጎማው ድንጋይ መሀል ተቀርቅሮ ፓምፑ ሲገፋ ሳጥኑ ራሱን ከሻንሲው ነቅሎ ለመውጣት ይታገላል። ሻንሲው ደግሞ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ዕድሜ የጠገበ ብረት ነው። ብሎኖቹ የሚያልፉበት ቀዳዳ ውስጥ ወፍራም ቱቦ መበየድ አለበት። አለዚያ ብሎኑ ሲጠብቅ ሻንሲው ይጨፈለቃል፤ ቆይቶም ይሰነጠቃል። ከውጪም ማጠናከሪያ ብረት ያስፈልጋል። ይህን ብየዳ ለተለማማጅ አትስጡ። የመሪ ሳጥን ሲነቀል መኪናው ላይ የቀረ መሪ የለም።

ከመቁረጣችሁ በፊት ፒትማን አርሙ (ከሳጥኑ ወጥቶ ዘንጉን የሚገፋው ክንድ) ወደየት እንደሚዞር አረጋግጡ። አንድ ሳጥን በሌላ መኪና ላይ የነበረው አቀማመጥ ከተገለበጠ መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞሩ ጎማው ወደ ግራ ይሄዳል። ከፒትማን አርሙ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግም በተቻለ መጠን ከአክስሉ ጋር ትይዩ ይሁን። በጣም ካዘነበለ ባሌስትራው ሲታጠፍ መኪናው ሳታዞሩት ወደ ጎን ይጎትታል።

ፓምፑ የራሱን ማቀፊያ፣ ፑሌጃ፣ የዘይት ዕቃና ከፍተኛ ግፊት የሚችል ቱቦ ይፈልጋል። ሳጥኑን በርካሽ የገዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚደነግጡት እነዚህን ሲደምሩ ነው። ቺንጋው ቢበጠስ መሪው ጨርሶ አይቆለፍም፤ ግን ከድሮው ማንዋል፣ ያለ እገዛ ከሚዞረው መሪ፣ የባሰ ይከብዳል። የፓወር ሳጥን ብዙውን ጊዜ በጥቂት ዙር እንዲያዞር ነው የተሠራው።

ኤሌክትሪክ

ይህ ከቶዮታ ፕሪየስና ከመሳሰሉት መኪኖች የሚወጣ የመሪ ዘንግ ነው፤ ሞተሩ እላዩ ላይ አለ። ዳሽቦርዱ ስር ይገባል። ቱቦ የለውም፤ ዘይት አያፈስም፤ ሻንሲ አይቆረጥም። መኪናውን እንደ ጥንቱ ማቆየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የወጣውን ዕቃ ካስቀመጣችሁ ነገ መልሳችሁ መግጠም ትችላላችሁ።

ግን ጥያቄዬን አትርሱ። ኤሌክትሪኩ የሚገፋው ከላይ፣ ከመሪው ዘንግ ነው። ጉልበቱ አሮጌው ሳጥን ውስጥ ገብቶ፣ በአሮጌው ማስተላለፊያ አልፎ ነው ጎማው ጋ የሚደርሰው። የላላ ሳጥን እንደላላ ይቀራል፤ እንዲያውም ቶሎ ያልቃል። እጃችሁ ድካሙን ስለማይሰማ የተነከሰ መገጣጠሚያም ሳይታወቃችሁ ይከርማል። ስለዚህ ማደሱ ይቅደም፣ ኤሌክትሪኩ ይከተል።

መኪናውን አቁማችሁ መሪውን ስታዞሩ የኤሌክትሪኩ ሞተር በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር በአንዴ ይስባል። የድሮ ዲናሞ ይህን አይችልም። ጠንካራ ዲናሞ፣ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ወፍራም ሽቦና የራሱ ፊውዝ ያስፈልጉታል። መኪናችሁ እንደ ብዙዎቹ የጦር ላንድ ሮቨሮች ባለ 24 ቮልት ከሆነ የ12 ቮልቱን ዕቃ በቀጥታ አታገናኙት። የእገዛውን መጠን በእጅ የሚያስተካክል መቆጣጠሪያም ይኑረው። ሲቆም ደስ የሚለው ቅለት በፍጥነት ስትነዱ መኪናውን ያቅበዘብዘዋል። ጣሪያው ክፍት በሆነ መኪና ላይ ደግሞ ዝናብ እንዳያገኘው አስቡበት።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ የሀይድሮሊክ ሳጥን በኤሌክትሪክ ፓምፕ። የመኪናው ሞተር አጠገብ ለፓምፕ ቦታ ላጣ ሰው ይጠቅማል። ግን ሻንሲውንም ሽቦውንም መሥራት ይጠይቃል። ሌላ መውጫ ካላችሁ አልመክረውም።

እኔ ብሆን

ሰፊ ጎማ ገጥሜ ድንጋይና ጭቃ የምገባ ከሆነ ያለማመንታት ሀይድሮሊኩን እወስዳለሁ። ጎማው ቀጭን፣ መኪናው ያልተነካካ ከሆነ፣ ወይም የሚነዳው ሰው ትከሻ የሚያመው ከሆነ ኤሌክትሪኩን እመርጣለሁ። በሁለቱም ካስተሩን፣ ማለትም የፊት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበትን ማዕዘን፣ አስለኩ። በማንዋል ዘመን መሪው እንዲቀል ካስተሩ ትንሽ ነበር። እገዛ ሲገባ ግን መሪው በራሱ ወደ መሀል መመለስ ይለግማል። ባሌስትራውና አክስሉ መሀል በሚገባ ሽብልቅ ይስተካከላል። የፊት ትራስሚሲዮን ዘንግ ክሮቼራም (መታጠፊያ መገጣጠሚያው) አብሮ ስለሚያዘነብል እሱን ሳታዩ አትጨርሱ።

ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ የሀይድሮሊኩን ሳጥን ከነፒትማን አርሙ ውሰዱ። ለብቻው ስትፈልጉት ቀኑ ይመሻል። ኤሌክትሪኩን ደግሞ ከነኮምፒውተሩና ከነሶኬቶቹ ግዙ። ሽቦው ሥሩ ላይ የተቆረጠ ካጋጠማችሁ የፈለገውን ያህል ቢረክስ እለፉት።