አዳማ ውስጥ ሂተር? የዘይት ማሞቂያዬ ከሁለት ብርድ በኋላ

አዳማ ሆኜ ሂተር ገዛሁ ስል የማይስቅ የለም። የአዲስ አበባ ዘመዶቻችን ደግሞ ይብሳሉ። ለእነሱ አዳማ ማለት ቅዳሜና እሁድ ወርደው ሙቀት የሚጠግቡባት ከተማ ናት፤ በታኅሣሥ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እዚህ ነቅተው አያውቁም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። በጋ ሲገባ ሰማዩ ጥርት ይላል። ቀን ሲግል የዋለው ቆርቆሮ ፀሐይ ስትጠልቅ ሙቀቱን ወደ ላይ ለቆ ይጨርሳል። ከዚያ ነፋሱ አለ። ከከተማው ወጣ ብለው የቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም፤ አዳማ አንድ የሚባለው ማመንጫ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው፣ የሚያሽከረክራቸውም ይኸው እኛን የሚያንቀጠቅጠን ነፋስ ነው።

እኛ ቤት ግን ያስቸገረን ብርዱ ብቻ ሳይሆን እኩል አለመሆኑ ነው። ቤቱ ብሎኬት ነው። የእኛ መኝታ ቤት ግድግዳው ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ይውላል፣ ብሎኬቱ የጠጣውን ሙቀት ደግሞ እስከ ማታ ድረስ ቀስ እያለ ይተፋዋል። አማቴ የሚተኙበት ክፍል በምሥራቅ በኩል ነው። የጠዋት ፀሐይ ትንሽ ነካ አድርጎት ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ ጥላ ነው፣ የበጋው ነፋስም የሚመጣው በዚያው በኩል ነው። በዚያ ላይ ኮርኒስ አልነበረውም። ማታ 3 ሰዓት ላይ እኛ በቲሸርት ተቀምጠን እሳቸው በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ጉልበታቸውን ያሻሉ። አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት አገር።

የገዛሁት በዘይት የሚሠራውን፣ ክንፍ ክንፍ ያለውንና በጎማ የሚገፋውን ነው። ባለ 9 ክንፍ፣ ሦስት ደረጃ አለው፦ 800፣ 1200 እና 2000 ዋት። ዋጋውን አልጽፍም፣ እናንተ ስትጠይቁ ሌላ ሆኖ ስለሚጠብቃችሁ። ማርካውንም ዝለሉት፣ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ በስም እንጂ በሆድ ዕቃ ብዙም አይለያዩም።

በመጀመሪያ ሻጮች የሚሉትን ላጥራ። «በዘይት ስለሆነ መብራት አይበላም» ይላሉ። ውሸት ነው። 1000 ዋት የሚስብ ማሞቂያ በዘይትም ይሁን በፋን ወይም በዚያ በቀይ ፍም በሚመስለው ዘንግ፣ የሚሰጠው ሙቀት ያው የ1000 ዋት ነው። ልዩነቱ አሰጣጡ ላይ ነው። ፋኑ ቶሎ ያሞቅና ሲጠፋ ወዲያው ይበርዳል፣ ጩኸቱም እንቅልፍ አይሰጥም። የዘይቱ ለመሞቅ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፣ ከዚያ በኋላ ግን መብራት ሄዶ እንኳ ለጥቂት ጊዜ ሙቀት ይሰጣል። አዳማ ለሚኖር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ዘይቱ ደግሞ አይቃጠልም፣ አይጨመርም፣ አይቀየርም። አማቴ መጀመሪያ ቀን «ልጄ፣ እሳት የሌለው ነገር እንዴት ያሞቃል?» ብለው ነበር፤ አሁን እኔ ከሥራ ሳልገባ አብርተው ይጠብቁኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይሄ ዕቃ ብቻውን የክፍሉን ብርድ አልፈታውም። ኮርኒስ በሌለው ክፍል ውስጥ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቆርቆሮው ሥር ይከማቻል፣ ግድግዳውና ጣሪያው በሚገናኙበት ክፍተት ሹልክ ይላል። 2000 ላይ አድርጌው ቆሜ ስራመድ ግንባሬ ይሞቃል፣ ሲሚንቶ ወለሉ ላይ ግን እግሬ ይደነዝዛል። የአማቴ አልጋ ደግሞ ከወለሉ ብዙም ከፍ አይልም። እንግዲህ ብሩ የሚሞቀው ለማን እንደሆነ ገምቱ።

ለውጥ ያየነው አናጢ ጠርተን ያንን ክፍል ቺፕውድ ኮርኒስ ስናስመታው ነው። የላይኛውን ክፍተትም አስደፈንነው፣ የላሜራ መስኮቱን ዙሪያ ስፖንጅ ለጠፍንበት፣ በሩ ሥር ደግሞ ማታ ማታ የተጠቀለለ ጨርቅ እናስቀምጣለን። ከዚያ በፊት 2000 ላይ የማይሞቀው ክፍል አሁን 800 ይበቃዋል። ሂተሩ ያው ነው፣ ቤቱ ነው የተለወጠው። ስለዚህ ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሂተሩን ተዉትና ኮርኒሱን አሠሩ። ቺፕውድ ከከበደ የማዳበሪያ ኮርኒስም ቢሆን ከባዶ ቆርቆሮ ይሻላል። ኮርኒስ በመጋቢትና በሚያዝያም ከቆርቆሮው የሚወርደውን ግለት ይከለክልላችኋል፣ ሂተሩ ያኔ አቧራ ከመሰብሰብ ሌላ ሥራ የለውም።

ቀጥሎ የቦታ ጉዳይ። ብዙ ሰው ሂተሩን አልጋው አጠገብ ጥግ ላይ ወይም መጋረጃ ኋላ ይወሽቀዋል። ሙቀት እየለካ ሂተሩን የሚያበራውና የሚያጠፋው ቴርሞስታት የሚለካው እሱ ራሱ ያለበትን አየር ነው። ጥጉ ቶሎ ሲሞቅ «በቃ ሞቋል» ብሎ ቀጭ ይልና ይዘጋል፣ ከአልጋው ማዶ ያለው ግን ገና ብርድ ላይ ነው። የእኛ አሁን የሚቆመው በመስኮቱ ሥር ነው፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ መጋረጃው ወደ ላይ ተሰብስቦ። ከመስኮቱ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ወለሉን ሳይዝ እዚያው ይሞቃል። የክፍሉ ሁለት ጫፍ እኩል መሰለኝ የምለው ከዚህ በኋላ ነው። በሩን ከፍቶ ሳሎኑንም ላሙቅ የሚል ካለ ይተወው፣ ይሄ ዕቃ የአንድ ክፍል ዕቃ ነው።

ኤሌክትሪኩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አደጋው ያለው እዚህ ነው። 2000 ዋት በ220 ቮልት ማለት 9 አምፔር ገደማ ነው። ይህንን ቲቪና ቻርጀር በተሰካበት ርካሽ ኤክስቴንሽን ላይ መሰካት እሳት መጋበዝ ነው። ቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኩት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ሶኬቱን በእጅ ነካ አድርጉት። ትንሽ ለብ ቢል ምንም አይደለም፣ የሚፋጅ ከሆነ ግን ንቀሉትና ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። የእኛ አሮጌው ሶኬት ይፋጅ ስለነበር አስቀየርነው። ምጣድ በተሰካበት ሰዓትም ሂተር አናበራም።

ሌላው የቮልቴጅ መውረድ ነው። ማታ ሁሉም ሰው ምድጃ በሚያበራበት ሰዓት 220 የነበረው 180 ቢወርድ፣ 1200 ላይ ያደረጋችሁት ሂተር የሚሰጠው 800 ዋት ያህል ብቻ ነው። «ማሽኑ ደከመ» ብሎ የሚመልስ ሰው አውቃለሁ። ማሽኑ ምንም አልሆነም፣ መስመሩ ነው።

ወጪውን ማስላት ቀላል ነው። 800 ዋት ለሦስት ሰዓት ያለማቋረጥ ቢሠራ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፣ ቴርሞስታቱ እየዘጋ ስለሚከፍት በተግባር ከዚያ ያንሳል። ግን ታሪፉ በደረጃ እንደሆነ አትርሱ፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይወደዳል። ሌሊቱን ሙሉ 2000 ላይ ትቶ የሚተኛ ሰው ካርዱ በወሩ አጋማሽ ቢያልቅበት ሂተሩን አይውቀስ። እኛ አማቴ ከመተኛታቸው በፊት እናበራለን፣ እንቅልፍ ሲወስዳቸው እናጠፋለን፣ የተደፈነው ክፍል ቀሪውን ይይዛል።

ከሰል ይረክሳል የምትሉ፣ እሱን ነገር እንተወው። ማንደጃ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ስንት ቤት አጥፍቷል። ከፍሙ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ፣ ሽታ የለው፣ አይታይ፣ ፍሙ ጭስ ስለሌለው ደህና ይመስላል። ክፍተቱን ከደፈናችሁ በኋላ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፣ ያ ሁሉ ነፋስ ቢያንስ አየር ያስገባ ነበር።

ዕቃው ራሱ እንዴት ሆነ? ክንፎቹ ዘይት አላፈሰሱም፣ ቴርሞስታቱ ይሠራል። ከኋላ ያለው አንዱ ጎማ ግን በመጀመሪያው ብርድ ተሰብሯል፣ ፕላስቲኩ የማይረባ ነው። «ሙሉ ዋስትና አለው» ብሎ የሸጠልኝ ሰው ጎማ ዋስትና ውስጥ አይገባም አለኝ፤ ሰፈር ያለ በያጅ በብረት እግር ተካልኝ፣ አሁን መግፋት ቀርቶ ማንሳት ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የቀለም ሽታ ነበረው፣ ጠፍቷል። ሲበራና ሲጠፋ ክንፎቹ ጠቅ ጠቅ ይላሉ፣ ብረቱ ሲለጠጥና ሲኮማተር ነው፣ አትደንግጡ። እርጥብ ልብስ ግን አታስጡበት፤ ልጆቼ ካልሲ ሲያደርጉበት ስንት ጊዜ ተቆጥቻለሁ።

ድጋሚ እገዛዋለሁ ወይ? ለአማቴ ክፍል አዎ፣ ያውም ትንሹን ባለ 7 ክንፍ፣ ምክንያቱም ኮርኒስ ካለ 2000ው ደረጃ ትርፍ ነው። ለምዕራቡ ክፍል ግን በነፃ ቢሰጡኝም ቦታ ከመያዝ ሌላ አይጠቅመኝም።