የላብራቶሪ ማሽን፦ ከቀረጥ ነፃ ራሳችን እናስመጣ ወይስ እዚሁ ከአቅራቢ እንግዛ?

ሰሞኑን ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ጓደኛዬ ደውሎ "የሪሰርች በጀት ተፈቅዶልኛል፣ አንድ ፒሲአርና አንድ የማይነስ 80 ፍሪዘር ልገዛ ነው፣ ከቀረጥ ነፃ ላስመጣ ወይስ እዚሁ ልግዛ?" አለኝ። ፒሲአር ዲኤንኤ የሚያባዛ ማሽን ነው፣ ፍሪዘሩ ደግሞ ናሙና በማይነስ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያቆይ። በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ ሌላውም ሰው እዚሁ ጥያቄ ላይ እንደሚቆም ስለማውቅ የማውቀውን ልጻፈው።

መጀመሪያ ብሩን እንየው። ቦሌ ሲደርስ ጭነትና ኢንሹራንሱ ተደምሮ 1,000,000 ብር የሚሆን እቃ አለ እንበል። የጉምሩክ ቀረጡ እንደ ኤችኤስ ኮዱ (የእቃው ዓይነት የጉምሩክ መለያ ቁጥር) ይለያያል፣ ለሂሳብ እንዲመቸን 10% እንያዘው፣ 100,000 ብር። ቫቱ 15% ነው ግን የሚሰላው ቀረጡ ተደምሮበት በ1,100,000 ላይ ነው፣ 165,000። ሱር ታክስ (ከውጭ በሚገባ እቃ ላይ የሚጣል ተጨማሪ ታክስ) የሚመለከተው እቃ ከሆነ 10% በ1,265,000 ላይ፣ 126,500። ዊዝሆልዲንግ (አስቀድሞ የሚያዝ የገቢ ግብር) 3% በመነሻው 1,000,000 ላይ፣ 30,000። ሲደመር 421,500 ብር! ከ10% ተነስተን 42% ደረስን ማለት ነው፣ ታክሶቹ ስለሚደራረቡና ታክስ በታክስ ላይ ስለሚሰላ። ትልቅ ማሽን ለሚገዛ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ለሁለት ማስተርስ ተማሪዎች ሙሉ የሪኤጀንት (የላብራቶሪ ኬሚካል) ወጪ ሊሸፍን ይችላል።

ግን ዩኒቨርሲቲ ስለሆንን ብቻ እቃችን በራሱ ነፃ ሆኖ ይገባል ማለት አይደለም። ፈቃዱ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል ተጠይቆ ነው የሚገኘው፣ ጉምሩክ ደግሞ ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው የሚያየው። ይሄን የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። የዛሬ ጥቂት ዓመት ፒሲአር ስናስመጣ የፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤያችን ላይ "ፒሲአር ማሽን ከነመለዋወጫው፣ ብዛት 1" ብለን ጻፍን፣ ኢንቮይሱ ግን አራት መስመር ሆኖ መጣ፣ ማሽኑ፣ ብሎኩ (ቱቦዎቹ የሚቀመጡበት ክፍል)፣ ላፕቶፑ፣ ዩፒኤሱ። ላፕቶፑና ዩፒኤሱ ደብዳቤው ላይ የሉም ተባለ፣ ማስተካከያ እስኪጻፍ፣ እስኪፈረም፣ ማህተም እስኪያርፍበት ድረስ የመጋዘን ኪራዩ እየቆጠረ ነበር። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ጭነት ለመቆጠብ ብለን ኢንዛይሞቹን ከማሽኑ ጋር አብረን ማስጫናችን ነው። ሳጥኑን ስከፍተው አይስ ፓኩ ቀልጦ ለብ ያለ ውሃ ሆኗል፣ ቱቦዎቹ እላዩ ላይ ይንሳፈፋሉ፣ መለያቸው ላይ ማይነስ 20 ይላል። አንዱም አልሰራልንም።

ስለዚህ ከቀረጥ ነፃ የምታስመጡ ከሆነ ደብዳቤውን ከፕሮፎርማው (ሻጩ አስቀድሞ ከሚሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ) ቃል በቃል ገልብጡት፣ ሞዴሉ፣ ብዛቱ፣ ኬብሉ ሳይቀር፣ ፈቃዱ እጃችሁ ሳይገባ ደግሞ እቃ እንዳይጫን። ትራንዚተራችሁም (ጉምሩክ የሚያስጨርስላችሁ ሰው) እቃው ከመጫኑ በፊት ሰነዱን ይየው። የፕሮፎርማው ዋጋ የሚጸናበት ቀን ቶሎ እንደሚያልፍም አስቡ፣ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል በድሮው የዶላር ዋጋ በጀት የያዘ ሰው ምን እንደገጠመው ሁላችንም አይተናል።

የአገር ውስጥ አቅራቢ ጥቅሙ ሌላ ነው። በብር ትከፍላለህ፣ ኤልሲ (ለውጭ ግዢ በባንክ የሚከፈት የክፍያ ዋስትና) የለ፣ ወረፋ የለ፣ እቃው ላብራቶሪህ ገብቶ ሲሰራ አይተህ ትፈርማለህ። ለፒፔት፣ ለቲፕ፣ ለትንሽ ሴንትሪፉጅ፣ በተለይ ለሪኤጀንት እኔ ሁልጊዜ እዚሁ ነው የምገዛው፣ የሚተርፈው ቀረጥ ደብዳቤ ይዞ መንከራተቱን አያካክስም። ዋጋ ስታወዳድሩ ብቻ ቫት ተካቷል ወይስ አልተካተተም የሚለውን በጽሁፍ አስሞሉ።

ብዙ ሰው የማያስበው መሃል መንገድ አለ፣ ለትልቅ ማሽን እኔ የምመርጠውም እሱን ነው። የአምራቹ የአገር ውስጥ ወኪል ፕሮፎርማውን በውጭ ምንዛሪ ያቀርባል፣ እቃው ግን በዩኒቨርሲቲው ስም ከቀረጥ ነፃ ይገባል፣ ተከላውንና ስልጠናውን ወኪሉ ይሰራል። ቀረጡም ቀረ፣ ሲበላሽ የምትደውልለት ሰውም አለ። ውሉ ላይ ዋስትናው ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል የሚል መስመር አስገቡ፣ ከውጭ መጓጓዣ ላይ ከተጫነበት ቀን የሚቆጥር አለ፣ እቃው መጋዘን አራት ወር ከተቀመጠ አራት ወር ዋስትና በላችሁ ማለት ነው።

እርዳታ ለሚጠብቁም አንድ ነገር ልበል። በነፃ የተሰጠ እቃ በነፃ ይገባል ማለት አይደለም፣ ጉምሩክ ዋጋ ተምኖ ነው የሚያየው፣ ፈቃዱ ለሱም ያስፈልጋል። ከአሜሪካ የሚመጣ ፍሪዘር ደግሞ ብዙ ጊዜ 115 ቮልት 60 ኸርዝ (የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ) ነው፣ የኛ 220 ቮልት 50 ኸርዝ፣ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፣ ኮምፕረሰሩ እየጋለ ሊቃጠል ይችላል። ሰጪዎቹ በቅን ልብ ነው የሚልኩት፣ ከመላኩ በፊት የጀርባውን ታርጋ ፎቶ ጠይቋቸው።

ሌላው የከተማችሁ ከፍታ ከባህር ወለል በላይ ነው። ብዙ የላብራቶሪ እቃ ስፔክ ላይ "እስከ 2,000 ሜትር" ይላል፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ከ2,700 በላይ። ፍሪዘር ወይም አውቶክሌቭ (በእንፋሎት እቃ ከጀርም የሚያጸዳ ማሽን) ስትገዙ ከተማችሁን ጠቅሳችሁ አምራቹ እንደሚሰራ በጽሁፍ ያረጋግጥላችሁ።

ጭነቱንም አትርሱ። አየር መንገድ ከክብደትና ከይዘት የሚበልጠውን ነው የሚያስከፍለው፣ 220 በ110 በ110 ሴንቲሜትር የሆነ የፍሪዘር ሳጥን 300 ኪሎ ቢመዝንም ሦስቱ ልኬቶች ተባዝተው በ6,000 ሲካፈል ወደ 444 ኪሎ ይቆጠርባችኋል። ካልቸኮላችሁ በጅቡቲ አድርጎ ሞጆ ቢገባ ይረክሳል፣ ፒሲአር ግን ትንሽ ስለሆነች በአውሮፕላን ትምጣ።

ለጓደኛዬ ያልኩትም ይሄንኑ ነው፣ ፍሪዘሩና ፒሲአሩ በወኪል በኩል በዩኒቨርሲቲው ስም፣ ኢንዛይሙና ቲፑ እዚሁ። ትላንት ማታ ፕሮፎርማውን ልኮልኝ አየሁት፣ ስታቢላይዘሩ ለብቻው መስመር አለው ደብዳቤው ረቂቅ ላይ ግን የለም፣ ሳይፈረም ዛሬውኑ አስገባው ብዬዋለሁ።