ቅጣት ወይስ ክበብ?

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደንግጓል። እንዲያም ሆኖ የጽሑፍ ፈተናውን ደፍኖ፣ ተናገር ሲባል ምላሱ የሚተሳሰርበት ተማሪ ብዙ ነው።

አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች መላ ያሉት በግቢው ውስጥ አማርኛ የተናገረን መቅጣት ነው። የክፍል አለቃው ወረቀት ይዞ እየዞረ ስም ይመዘግባል። ደንቡ ወጪ የለውም፤ ወላጅም ይወደዋል። ውጤቱን ለማወቅ ግን በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ጥቂት መቆም ይበቃል። ደፋሮቹ የሸመደዷቸውን ሦስት አራት ዓረፍተ ነገሮች ይወራወራሉ፤ ዓይን አፋሮቹ አፋቸውን ይዘጋሉ፤ የቀሩት አለቃው ዞር ሲል አማርኛቸውን በሹክሹክታ ይቀጥላሉ። ዝምታ እንደሆነ አያስቀጣም!

የእንግሊዝኛ ክበብ ግን ለመናገር ምክንያት ይሰጣል። በሚኒ ሚዲያ ዜና የሚያነብ ልጅ «ሺ ጎ» ብሎ ቢሳሳት እንኳ የሚናገረው ነገር አለው፤ አድማጭም አለው። ጉድለቱ አባላቱ ዘወትር እነዚያው ጎበዞች መሆናቸው ነው።

እኔ ክበቡን እመርጣለሁ፤ ሆኖም አሠራሩ ወደ መማሪያ ክፍል መግባት አለበት። 50 ተማሪ ባለበት ክፍል፣ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሁሉም በየተራ ቢናገር ለአንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። ጥንድ ጥንድ ሆነው ለ10 ደቂቃ ቢነጋገሩ ግን እያንዳንዱ አምስት አምስት ደቂቃ ያገኛል። ጫጫታው አይቀርም፤ የጎረቤት ክፍል መምህርም ሊያኮርፉ ይችላሉ። በሩን መዝጋት ነው።